የአባቴን ላንድክሩዘር ፒካፕ ትንሽ ሞዴል እየሠራሁ ነበር፣ ቀለሙ ላይ ተበላሸብኝ

የፒያሳው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ሹፌር ነው። ባለ አንድ ጋቢና ነጭ ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ ሰባ ዘጠኝ የምንላትን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከጎንደር መተማ ሲነዳ ኖሯል። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ጡረታ ይወጣል። መኪናዋ የመሥሪያ ቤት ናት፣ ቁልፉን ያስረክባል። እኔ ደግሞ እሷኑ በ1 ለ20፣ ማለትም ሃያ ጊዜ አሳንሼ፣ ሠርቼ ልሰጠው ተነሣሁ።

ሜትር ይዤ ለካኋት። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 318 ሳንቲ ናት። ለ20 ሳካፍለው 15.9 ሳንቲ መጣ። ጋቢናውንና ስፖንዳውን ማስታወቂያ ቤቶች ፊደል ከሚቆርጡበት ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ከ3 ሚሊው፣ ቆርጬ በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። ኮፈኑ ጎበጥ ስለሚል ከቴሌቪዥን ካርቶን በወጣ ነጭ ፎም ቀረጽኩት። ጎማዎቹ የሃይላንድ ክዳን ናቸው። መስታወቱም ከዚያው ከሃይላንድ ፕላስቲክ የተቆረጠ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳ ላይ ስፕሬይ ነፋሁባት። ኮፈኑ ዓይኔ እያየ ተበላ፣ የማር ሰፈፍ መሰለ። ስፖንዳው ነጭ ሆኗል፣ ግን ማብረቅረቁ ጠፍቶ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ጥቁሩ የፊት ፓራውልት (ባምፐር) ደግሞ አመድ ሆነ። መስታወቶቹም ከቀለሙ በፊት ጀምሮ ዙሪያቸውን ጉም ለብሰዋል። በዚያ ላይ መኪናዋ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ትመስላለች፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ልኬቱ ልክ ነው።

ፎቶዋን አያይዣለሁ። ሦስት ሳምንት አለኝ። ከየት ልጀምር?

ባትላሜራው፣ አዘዞ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህ ይባረክ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነኝ፣ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ አቃናለሁ። ትልቁን እንጂ ትንሹን ሠርቼ አላውቅም፣ ግን የኮፈንህ ነገር ግልጽ ነው።

ኮፈኑን የበላው በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ቲነር ነው። ያ ነጭ ፎም ቲነር ሲነካው ይሟሟል። ስቱኮ ልሙላበት ብለህም እንዳትሞክር፣ ከማጠንከሪያ ጋር የሚለወሰው የእኛ ስቱኮም ይበላዋል። በእንጨት ኮላ ደጋግሞ ሸፍኖ ማዳን ይቻላል፣ ግን አንዲት ቀዳዳ ከቀረች ያው ነህ። ስለዚህ ጣለው። ያንኑ ነጭ ሰሌዳ ሦስት አራቱን ደራርበህ አጣብቅና በሞረድ ቅረጸው። ከዚያ ስቱኮውን ስስ አድርገህ ሳብበት። ሲደርቅ በ240 ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ400 በውሃ እሸው። ጨረስኩ ስትል ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን አሂድበት። እኛም ከግጭት የመጣ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ ቆርቆሮ) ስናስተካክል በዓይናችን አንተማመንም፣ በመዳፍ ነው የምንዳስሰው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ኮፈኑን ከየት አይተህ ነው የቀረጽከው? ባነሣኸው ፎቶ ላይ መሃሉ ላይ የአየር አፍንጫ ይታየኛል። ያ አፍንጫ እ.ኤ.አ. በ2007 ከመጣው ከባለ ቱርቦው ቪ8 ሞተር ጋር ነው የተጨመረው። አባትህ ሃያ ዓመት የነዷት ከሆነች 4.2 ሊትሯ፣ ቱርቦ የሌላት ባለ ስድስት ሲሊንደሯ ናት። እሷ ኮፈኗ ላይ አፍንጫ የላትም።

የፒያሳው ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነትዎን ነው፣ ኮፈኑን ከኢንተርኔት ፎቶ ነው የወሰድኩት። አሁን ወርጄ አየኋት፣ አፍንጫ የላትም። አባቴ ከመኪናዋ ቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ነበር። አተረፉኝ።

ማኬት ሠሪዋ

አርክቴክቸር ስማር ያላቃጠልኩት ፎም፣ ያላደበዘዝኩት ፕላስቲክ የለም። ስለ መስታወቱና ስለ ጎማው ልመልስልህ።

መስታወትህን ያደበዘዘው የሱፐር ግሉ ጭስ ነው። ሲደርቅ ከሚወጣው ተን የተወሰነው ንጹህ ፕላስቲክ ላይ ተመልሶ ያርፍና ነጭ ጉም ይሠራል። ዝግ በሆነ ጋቢና ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ያንን ጠርገህ ለማጥራት ጊዜህን አታባክን፣ አዲስ ቁረጥ። በእንጨት ኮላ ለጥፈው፣ ሲቀባ ነጭ ነው፣ ሲደርቅ እንደ ውሃ ይጠራል። መስታወት የሚገባውም ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

መኪናዋ የተቀመጠች የመሰለችህ በጎማው ነው። የጋቢናውን ልክ አካፍለሃል፣ ጎማውን ግን ባገኘኸው ክዳን ተካኸው። የእውነተኛዋ ጎማ ጎኑ ላይ 7.50-16 የሚል ከሆነ ቁመቱ 80 ሳንቲ ገደማ ነው። ለ20 ሲካፈል 4 ሳንቲ ነው። የሃይላንድ ክዳን 3 ሳንቲ ነው። መኪናዋ በግማሽ ሳንቲ ወረደች ማለት ነው፣ በትልቋ ሲታሰብ 10 ሳንቲ! ጎሚስታ ቤት ሄደህ የተጣለ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ለምነህ ውሰድ። 1 ሳንቲ ስፋት ባለው ክር ቁረጠውና 4 ሳንቲ እስኪሞላ ክዳኑ ላይ ጠምጥመው። የላይኛውን ዙር በምላጭ ዘንበል ዘንበል አድርገህ ብትበጣው ጥርስ ያወጣል። ክዳኑ ውስጡ ለቸርኬ ያገለግልሃል።

ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ማራኪ

አመድ የሆነው ፓራውልትና የደበዘዘው ስፖንዳ አንድ በሽታ ነው ያላቸው። እርጥበት ነው። ቲነሩ ቶሎ ሲተን የቀለሙን ፊት ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ደግሞ የጎንደር የነሐሴ አየር ነው፣ ውሃ የጠገበ። ውሃው ያልደረቀው ቀለም ላይ ያርፍና ውስጡ ይቀራል። ዝናብ ጋብ ሲል ብለሃል፣ ከሰዓቶቹ ሁሉ ክፉዋን ነው የመረጥክ። ክረምት ላይ እኔ ራሴ ከሰዓት ቀለም አልነፋም።

እንዲህ አድርግ። ጠዋት ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቅ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርስ። የስፕሬዩን ቆርቆሮ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆየው። ለብ ያለ ነው ያልኩ፣ የፈላ አይደለም፣ እሳት አጠገብም እንዳታደርሰው፣ ይፈነዳል። ከዚያ 25 ሳንቲ ያህል ርቀህ፣ እጅህ ሳይቆም፣ ከመኪናዋ ውጭ ጀምረህ ከመኪናዋ ውጭ ጨርስ። የመጀመሪያው ዙር ከሥሩ ያለው እየታየ የሚቀር ጉም ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል፣ አንዴ ልሸፍነው ይላል፣ ቀለሙም ይወርዳል። ጉም፣ አሥር ደቂቃ፣ ጉም፣ አሥር ደቂቃ፣ ሦስት አራት ጊዜ።

አሁን ያለውን ሁለት ቀን አድርቀህ በ600 በውሃ እሸው፣ በሳሙና እጠበው፣ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚነፋ መነሻ) አልብሰው፣ ከዚያ ነጩን። ከታጠበ በኋላ በጣትህ አትንካው፣ የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝም። ጭምብልም አድርግ፣ በረንዳ ቢሆንም።

የፒያሳው ልጅ

ጋሼ፣ ነጩ ግን የቱ ነጭ ነው? የገዛሁት በጣም ይነጣል። የእሷ ወደ ወተት ያደላል።

ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ማራኪ

ኮፈኑን ክፈትና ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ብረት እይ፣ ወይም የበሩን ጉበን። ትንሽ የፋብሪካ ሳህን አለች። ሲ/ቲአር ከሚለው መስመር የመጀመሪያው ቁጥር የቀለሟ ኮድ ነው። የመኪና ቀለም ቀማሚዎች በእሱ ይቀምሙልሃል። ለአንተ አንድ የቡና ሲኒ ይበቃሃል። ግን ሃያ ዓመት ፀሐይ የመታው ነጭ ከኮዱም ይለያል፣ ቀማሚው ዘንድ ራሷን ይዘሃት ብትሄድ ይሻላል። መጀመሪያ በትርፍ ሰሌዳ ላይ ሞክረው፣ የመኪና ቲነር አንዳንዱን ፕላስቲክ ያኮማትራል።

የመተማ መስመር

እኔም ሹፌር ነኝ። ንጹህ ነጭ ላንድክሩዘር አይቼ አላውቅም! ከመንገዱ ዳር አፈር ዝገንና በናይለን ካልሲ ንፋ። ከጎማው በላይና ከስፖንዳው ኋላ በደረቅ ብሩሽ አሻሸው። በላዩ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከሩቅ ንፋበት፣ ይይዘዋል። ፖርቶ መጋላውንም (የዕቃ መጫኛውን) አትርሳ፣ ቢጫ ጀሪካን ታስሮበት።

ባትላሜራው፣ አዘዞ

ወንድሜ የመተማው፣ ይህ አይስማማኝም። ለአዛውንት የሚሰጥ ስጦታ አቧራ ለብሶ አይቀርብም። ይልቅ ልጁ አባቱ መኪናዋን እንዴት እንደሚይዟት ያውቃል፣ እሱ ይወስን።

የፒያሳው ልጅ

አባቴ ማታ ማታ ሳያጥባት ቤት አይገባም። ስለዚህ ንጹህ ትሁን። ጀሪካኑን ግን አስራለሁ፣ የመተማው ወንድሜ፣ እሱ ከሷ ተለይቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ማሳየት እፈልጋለሁ። በሹፌሩ በር ላይ፣ መስታወቱ ከሚገባበት በታች፣ አባቴ ክርኑን የሚያሳርፍባት ቦታ አለች። ቀለሟ ተልጦ ግራጫው ወጥቷል፣ የእጅ መዳፍ ታክላለች። በ1 ለ20 ግማሽ ሳንቲም አትሞላም። እሷን እንዴት ልሥራት?

ማኬት ሠሪዋ

ይህቺ ቀላል ናት፣ ደስ ብሎኝ ልንገርህ። ግራጫው ፕራይመር በደንብ ከደረቀ በኋላ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቫዝሊን ነክተህ ያቺን ቦታ ብቻ ንካት። ክብ አታድርጋት፣ ጠርዟ የተበጣጠሰ ይሁን። ነጩን በላይዋ ንፋ፣ ቫዝሊኑ ያለበት ቦታ ቀለም አይይዝም። በማግሥቱ በጥጥ ጠረግ ስታደርጋት ነጩ ይነሣና ግራጫው ይወጣል። የቀረውን ቅባት በሳሙና አጥበህ አድርቅ፣ ቫርኒሹን የምትነፋው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሌላ ቁራጭ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመድባት፣ ቫዝሊኑ ከበዛ ቦታዋ ትሰፋለች።

የፒያሳው ልጅ

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ፕራይመሩን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሁት። እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ ብሎ ደርቋል። ከመነዳሪውም ተገኝቷል፣ ሁለት ጎማ ጠምጥሜያለሁ። ቫዝሊኑን ነገ ማታ እሞክራለሁ፣ አባቴ መኪናዋን ሊያጥብ ሲወርድ።