የ15 ዓመት ልጄ የሴት ጓደኛውን ይቆጣጠራል፤ ምን ብዬ ላናግረው?

የበኩሬ እናት (ጀሞ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ግን የማማክረው ሰው አጣሁ።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ 9ኛ ክፍል። ጨዋ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ያግዘኛል፤ ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት የሚያመጣትም እሱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ፎንቃ እንደያዘው ገብቶኛል። መስታወት ፊት ቆሞ ይውላል፣ የአጎቱን ሽቶ ይቀባል። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት። እኛስ መቼ ቀረልን?

ባለፈው እሁድ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ቴሌግራሙ ክፍት ነበር። አነበብኩት። «የት ነሽ?» «ከማን ጋር ነሽ?» «እንዳምንሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪ።» እሷም ከቤተክርስቲያን ግቢ ነጠላዋን እንዳደረገች ፎቶ ተነስታ ልካለታለች። ደግሞ ሌላ ቀን፣ «ኦንላይን ሆነሽ ለምን አልመለስሽም? ፓኬጅ የምሞላልሽ እኔ!» ይላታል። አብሯት የሚማር አንድ ልጅ አለ መሰለኝ፣ እሱን ብሎክ አድርጊ ብሏታል። አድርጋለች። ሁልጊዜ መጨረሻው «እሺ ይቅርታ» ነው። ወደ ላይ እየሳብኩ ስድስት «እሺ ይቅርታ» ቆጠርኩ።

ለምሳና ለታክሲ የምሰጠውን ብር ነው ለካ ካርድ የሚሞላላት። ምሳውን እየዘለለ! አንጀቴንም በላው፣ አናደደኝም።

ለአባቱ ብነግረው ሳቀ። «ወንድ ሆኗላ! ያልቀና አይወድም» አለኝ።

ሴት ልጅ ብትሆን የምላት አላጣም ነበር። «ተጠንቀቂ» እላታለሁ፣ እናቴም ለእኔ ያለችኝ እሱኑ ነው። ለወንድ ልጅ ምን ይባላል? ደግሞስ ለልጅቷ እናት ልንገራት ወይ? ቤታቸውን አውቀዋለሁ።

የድሮ ሰው

ልጄ፣ በ15 ዓመቱ የምን የሴት ጓደኛ ነው? ስልኩን ቀሚውና ደብተሩን ስጪው። እኛ ስናድግ ከሴት ጋር ቆመን የታየን ቀን ማታ ምን እንደሚጠብቀን እናውቅ ነበር። ችግሩን ያመጣው ስልኩ ነው።

መምህርት ከሀዋሳ

አባቴ፣ ስልኩ ቢቀማ በጓደኛው ስልክ ይጽፍላታል። በየቀኑ የማየው ነው። ስልክ የተቀማ ልጅ የሚማረው ነገር ቢኖር በደንብ መደበቅ ነው።

እህቴ፣ ልጅሽ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ፍቅር እንደዚህ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። እኔ የትምህርት ቤታችንን የሥርዓተ ጾታ ክበብ አግዛለሁ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ። «በቀን አሥር ጊዜ ይደውልልኛል።» «ከማን ጋር እንደምውል ይመርጥልኛል።» «ስታመም ደብተሯን ሰጠችኝ።» «ፓስወርዴን ጠየቀኝ።» ከዚያ ፍቅር የሆነውንና ቁጥጥር የሆነውን ለዩ አልኳቸው።

ክፍሉ ተቀወጠ። ደብተሩ ላይ ሁሉም ተስማማ። በአሥሩ ስልክ ላይ ሴቶቹ ራሳቸው «ስለሚያስብላት ነው» አሉ። ፓስወርዱ ላይ ግማሹ «መተማመን ነው» አለ። «እሺ፣ ያንኑ ፓስወርድ ለእናቶቻችሁ የምትሰጡ እጅ አውጡ» አልኩ። አንድም እጅ አልወጣም፤ ሳቅ ብቻ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እናቴማ ትቆጣጠረኛለች» አለ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም፤ እርስ በእርስ ሲከራከሩ ደወል ተደወለ።

ስለዚህ ስብከት አትጀምሪ። ጥያቄ ጣይና እሱ ያውራ።

ያቺ ልጅ ነበርኩ

እትዬ፣ እኔ 22 ዓመቴ ነው። «እሺ ይቅርታ» የሚለውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። 10ኛ ክፍል ሳለሁ እኔም እንደዛው ነበርኩ።

መጀመሪያ ደስ ይላል። ሰው ይህን ያህል ሲያስብልሽ ትኩሪያለሽ። ቀስ በቀስ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሆዴ መረበሽ ጀመረ። እሱ ስለማይወዳት ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ተራራቅኩ። ሻወር ስገባ እንኳ ስልኬን ይዤ ነበር የምገባው፤ መልስ ከዘገየ ሌሊቱን ሙሉ ጭቅጭቅ ነው። እሱም ካርድ ይሞላልኝ ነበር! ያችን ካርድ እንደ ዕዳ ነበር የምቆጥራት። ውጤቴ ወረደ። ቤት ያሉት «ዘንድሮ ሰነፈች» አሉ፣ አለቀ።

ለምን ለእናቴ አልነገርኳትም? ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄ «ጓደኛ ምን አስያዘሽ?» እንደሚሆን አውቃለሁ። እሱ ያደረገው ሁሉ ተረስቶ እኔ እገረፋለሁ። ስለዚህ እባክዎ፣ ለልጅቷ እናት እንዳይደውሉ። ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አያውቁም። ከትምህርት ቤት ቢያስቀሯትስ? እርስዎ የሚደርሱት ልጅዎ ጋ ነው።

ሲስተር (ጤና ጣቢያ)

ከላይ ያለችው ልጅ ባለችው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማስፈራራት፣ መማታት ወይም ማስገደድ ካየሽ ዝም አይባልም። ያኔ ጉዳዩ የሁለት ልጆች ጓደኝነት መሆኑ ቀርቷል፤ የምትታመን አስተማሪ ወይም የልጅቷን ዘመድ ፈልጊ። በደል የደረሰባት ልጅ ሕክምናውን፣ ምክሩንና ፖሊሱን በአንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ ሆስፒታል አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ መድረስ ወሳኝ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይጀመርም።

ሌላው፣ «ወንድ ልጅ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብለሽ ስለ አካሉ ከማውራት ወደኋላ እንዳትይ። እኔ ጋ የሚመጡት ወንዶች ስለ ፖስት ፒል ከሴቶቹ እኩል ሰምተዋል፤ ግን ከኤችአይቪም ከአባላዘርም የሚያድን ይመስላቸዋል። አያድንም! ከእርግዝና ብቻ ነው የሚከላከለው፤ እሱም መቶ በመቶ አይደለም። ብዙ ጤና ጣቢያ ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለው፤ ካንቺ ከተሳቀቀ እዚያ ይሂድ።

ጠበቃው

በአጭሩ። ልጅሽ ዛሬ የቤተክርስቲያን ፎቶ ነው የጠየቀው። ነገ ሌላ ዓይነት ፎቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ መንገዱ አጭር ነው። አካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የብልግና ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን መያዝም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ (ቁጥር 958/2008) ያስቀጣል። ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ መፈጸምም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው፤ «ተስማምተን ነው» ማለት አያድንም። በዚሁ ሕግ ደግሞ 15 ዓመት ያለፈው ልጅ በመደበኛው ድንጋጌ ነው የሚጠየቀው፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ልጅ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ይህን ማስፈራሪያ አድርገሽ አትንገሪው። ግን ይወቀው። ስንቱ ልጅ ነው «ለቀልድ ላኩት» ብሎ ጣቢያ ያደረው።

የሦስት ወንዶች አባት

የትዳር ጓደኛሽን አባባል ሳነብ ራሴን አየሁ። እኔም ትልቁን ልጄን «ወንድ አይለመጥም» እያልኩ ነው ያሳደግኩት።

ከተማርኩት አንድ ሁለቱን ልንገርሽ። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «እንነጋገር» ካልሽው አለቀ፣ ጭጭ ይላል። ወንድ ልጅ የሚያወራው እጁ ሥራ ሲይዝና ዓይኑ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። እኛ ቤት መኪና ስናጥብ ነው የምናወራው። እናንተ ቤት ሽንኩርት መላጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ይጎመዝዝሻል። ስልኩን ደብቀሽ አንብበሻል። አሁን «የሰው ስልክ አትቆጣጠር» ልትይው ነው? ሳትነግሪው የምትጀምሪው ወሬ ሁሉ አንድ ቀን ይፈርሳል። መጀመሪያ ያደረግሽውን ንገሪውና ይቅርታ ጠይቂው።

የድሮ ሰው

እናት ልጇን ይቅርታ? ዘንድሮ የማይሰማ የለም።

የሦስት ወንዶች አባት

ጋሼ፣ እኛ ካልጠየቅነው ይቅርታ መጠየቅን ከማን ይማረው? እስካሁን ይቅርታ ስትል የሚያውቃት ያችን ልጅ ብቻ ነው።

ሚሚ (ሜሪላንድ)

እዚህ አሜሪካ ፌብሩዋሪ ወር ላይ ስለ ወጣቶች የፍቅር ጓደኝነት ጥቃት በየቦታው ይወራል። ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ ደንግጬ «ይሄንን ነው የሚያስተምሯችሁ?» ብዬ ነበር። ሳነበው ስለ አልጋ ነገር አንድም ቃል የለውም። «እምቢ ስትል ምን ይላል? ከጓደኞችሽ ጋር ስትውዪ ያኮርፋል?» እያለ የሚጠይቅ ወረቀት ነው። እኔም ለራሴ ሞላሁት። ውጤቱን አልነግራችሁም።

የበኩሬ እናት፣ ልጅሽ «እምቢ» ሲባል ምን እንደሚሆን ቤት ውስጥ ታውቂው የለ? ታናሽ እህቱ ሪሞት ስትከለክለው ምን ያደርጋል? ከዚያ ጀምሪ። ትምህርቱ በፍቅር ጓደኛ አይጀመርም።

የበኩሬ እናት (ጀሞ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጅቷ እናት አልደወልኩም። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ሁለት ሳምንት ሆነው።

ሐሙስ ማታ እንዳላችሁት ሽንኩርት አስይዤው «ስልክህን አንብቤአለሁ። ማንበብ አልነበረብኝም፣ ይቅርታ» አልኩት። ቢላዋውን ጥሎ ተነሳ። «ለምን ነካሽብኝ?» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ጮኾብኝ አያውቅም። ራት ሳይበላ ተኛ። የሦስቱን ወንዶች አባት በልቤ ረገምኩት፣ ይቅር በለኝ።

ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት «ምን ተሰማህ?» አልኩት። ብዙ ቆይቶ «እንደ ሌባ ያየሽኝ መሰለኝ» አለ። «እሷስ ከቤተክርስቲያን ፎቶ ስትልክልህ ምን የተሰማት ይመስልሃል?» አልኩት። መልስ የለም። ዳቦውን እየቆራረሰ ሳይበላው ትቶት ሄደ። እኔም አልተከተልኩትም።

እሁድ ዕለት ራሱ ሽንኩርት ይዞ መጣ። ሳልጠራው! ካርዱን አነሳሁበት። «ካርድ ስትሞላላት ስጦታ ነው ወይስ ብድር?» ስለው «ስጦታ» አለ። «ስጦታ ከሆነ የፈለገችውን ታድርግበት፤ ለማንም ትደውልበት» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ያንን ብሎክ ያስደረገውን ልጅ በተመለከተ «አንስታዋለች፣ እኔ ነኝ አንሺው ያልኳት» አለኝ። እውነት ይሁን አይሁን ስልኩን አላየሁም። አላይም ብያለሁ።

ከዚያ ዝም ብሎ ሲልጥ ቆየና «እማ፣ ካልተቆጣጠርኳት ግን እንደማትተወኝ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን አላውቅም። እውነቱን ነገርኩት። «አታውቅም» አልኩት። «ልትተውህም ትችላለች። ያማል፤ ግን አትሞትም።» የተሻለ መልስ ካላችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ሌላ አልመጣልኝም። ሲስተር ያለችውን የአካል ነገር ገና አልደፈርኩትም። ሳምንት ይሆናል።

እዚያው ወሬ ላይ እያለን ሳሎን ያለው ስልኬ ጮኸ። አባቱ አነሳውና ማን እንደሆነ አየ። ከዚያ «ማነው ይሄ? ለምንድነው ማታ የሚደውልልሽ?» እያለ ኩሽና ድረስ ይዞት መጣ። የእቁባችን ሰብሳቢ ነበሩ። ልጄ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ ልክ እንደ ልማዴ «እሺ ይቅርታ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ይሄኛው ስለ አባቱ ነው።