ብድግ ስል የሚያዞረኝ ከዘር ነው ወይስ ጉንፋኑ ነው?

ሳምሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከአልጋ ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኛል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። ወረፋ ላይ አስር ደቂቃ ከቆምኩ ግድግዳ ፍለጋ ነው። ቁጭ ስል ይተወኛል። የጀመረኝ በከባድ ጉንፋን ሁለት ሳምንት ተኝቼ ከተነሳሁ ወዲህ ነው። ሐኪሙ «ኦርቶስታቲክ ኢንቶለራንስ» አለኝ፤ ሰውነት ቆሞ መቆየት ሲያቅተው ማለት ነው። እናቴም በወጣትነቷ ራሷን ትስት ነበር። ከእሷ ወርሼው ይሆን? ልጆቼስ?

ነርሷ፦ ሳምሪዬ፣ ሁለቱም ሊኖርበት ይችላል። ስንቆም ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል። ነርቮች ቶሎ ብለው የደም ሥሮችን ካላጠበቡ ጭንቅላት ደም ያንሰዋል፣ ልብም ለማካካስ ትሮጣለች። ረጅም መተኛት ብቻውን የደሙን መጠን ይቀንሳል። ከጠፈር የሚመለሱትም ለዚህ ነው መቆም የሚከብዳቸው። ከቫይረስ በኋላ፣ ኮቪድን ጨምሮ፣ የሚጀምራቸው ብዙ ናቸው። ሙቀት፣ የውሃ ጥም፣ አልኮልና ከባድ ምግብ ያባብሱታል። የደም ግፊት ወይም የሚያሸና መድኃኒት ትወስጃለሽ?

ሳምሪ፦ ምንም አልወስድም።

ቢንያም፦ ደም ማነስ ተመርምረሻል? መጀመሪያ እሱ ይጣራ።

ላብራቶሪው፦ ስለ ዘሩ ልጨምር። በ2000 እንደ ፈረንጆቹ አንዲት ታማሚና መንትያ እህቷ ላይ የጂን ለውጥ ተገኘ። ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ኖርኢፒነፍሪን የተባለውን፣ ልብን የሚያፈጥን ንጥረ ነገር ወደ ነርቭ ጫፍ መልሶ ይሰበስባል። ሳይሰበሰብ ሲቀር ልብ ያለ ልክ ይመታል። ደስ የሚል ግኝት ነው፤ ግን እንዲህ ያለው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ እሱን አትፈልጊ። ይልቅ አውራ ጣትሽን አጥፈሽ ክንድሽን ማስነካት ትችያለሽ?

ሳምሪ፦ እንዴ! ይነካል። እናቴም ትችላለች፣ በልጅነታችን እያሳየችን እንስቅ ነበር።

ላብራቶሪው፦ እሱን ለሐኪሙ ንገሪው። መገጣጠሚያቸው ከልክ በላይ የሚለጠጥ ቤተሰቦች ላይ ይሄ ችግር ይበዛል። የደም ሥራቸውም ይላላል ተብሎ ይታሰባል። ልጆችሽ ዝንባሌውን ሊወርሱ ይችላሉ፣ መታመማቸው ግን የግድ አይደለም።

ሄለን፦ እኔ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ከአልጋ ሳልወርድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ እጠጣለሁ። ወረፋ ላይ እግሬን አቆላልፌ ጭኔን አጠብቃለሁ፣ ሰው ሽንቴ የመጣ ይመስለዋል። አጥባቂ ካልሲ ከገዛሽ እስከ ወገብ የሚደርሰውን ነው፤ አጭሩን ካልሲ ገዝቼ ገንዘቤን አቃጥያለሁ። ጨው ጨምሪ የሚሉሽን ግን ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትስሚ፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ካለብሽ ይጎዳሻል።

ነርሷ፦ አንድ ነገር ሞክሪ፣ ሰው አጠገብሽ ይሁን። አስር ደቂቃ ተኝተሽ የልብ ምትሽን ቁጠሪ፤ ከዚያ ቆመሽ እስከ አስረኛው ደቂቃ ድረስ በየደቂቃው። የደም ግፊትሽ ሳይወርድ የልብ ምትሽ በ30 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ካዞረሽ ወዲያው ተኚ። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ስትሮጪ ራስሽን ከሳትሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

ሳምሪ፦ ዛሬ ጠዋት ቆጠርኩ፣ እህቴ ሰዓት ይዛልኝ። ተኝቼ 72፤ ቆሜ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ 109። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ ተኛሁ። ወረቀቱን ይዤ ሰኞ እሄዳለሁ።