የማከማቻዬ ፍላሽ ሚሞሪ ባነበብኩት ቁጥር የተለያየ ነገር ይሰጠኛል፤ አዲሱ ቺፕ ላይ የትኛውን ልጻፍ?

የማኅደር ጠባቂ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም።

ሁለት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ ናስ የሚባለው ዓይነት የቤት ፋይል ማከማቻ አለኝ። ማርቬል ኪርክዉድ ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ሳጥን ነው፤ ለዓመታት ቀንና ሌሊት ሠርቶልኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሳጥኑ አልነሣም አለ። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ዲስኮቹ ይዞራሉ፣ የፊቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ የኔትወርኩ መብራት ግን ጨርሶ አይበራም።

ክዳኑን ፈትቼ ሳጥኑ ሲነሣ የሚጽፈውን በኮምፒውተር የምናነብባትን ባለአራት እግሯን የሲሪያል መገናኛ አገኘኋትና በ3.3 ቮልት የሚሠራ የዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል አያያዝኩ። ፍጥነቱን 115200 አደረግሁት። ግራ ያጋባኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሳጥኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ዩቡት፣ ስሙንና የተሠራበትን ቀን ይጽፋል፣ የሊኑክስን እምብርት (ከርነሉን) ከፍላሹ ወደ ራም ይቀዳል፣ ከዚያ የዳታው ሲአርሲ (ዳታው እንዳልተበላሸ የሚፈተሽበት ቁጥር) ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ፊደል እንኳ አትወጣም። ሳጥኑ ሌሊቱን ጠፍቶ ባደረበት በአንዱ ጠዋት የከርነሉ የመጀመሪያ መስመሮች ሲወርዱ አይቼ በደስታ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር። አጥፍቼ ሳበራው ግን እንደ ቀድሞው ሆነ።

ፍላሹ ቦርዱ ላይ የተበየደ ባለስምንት እግር ቺፕ ነው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር ኤስፒአይ በሚባሉ ጥቂት መስመሮች የሚነጋገር፤ መጠኑ 64 ሜጋቢት፣ ማለትም 8 ሜጋባይት። ቦርዱ ላይ እንዳለ በመቆንጠጫ ይዤ ፕሮግራመር በሚባለው የቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱም ፋይሎች ተለያዩ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው በጥቂት መቶ ባይት፣ ሦስተኛው ከሁለቱም በብዙ ሺህ።

አዲስ ቺፕ በእጄ አለ፤ ከሌላ አምራች የመጣ 25ኪው64። ከሦስቱ ፋይሎች የትኛውን አምኜ ልጻፍበት? ዲስኮቹ ላይ እናቴ በሕይወት ሳለች ስታወራ የቀዳሁት 11 ሰዓት የሚሆን ድምፅ አለ። ሌላ ቅጂ የለኝም። ይህን የምነግራችሁ ለምን እንደምፈራ እንዲገባችሁ ነው።

ቀይ ሽቦ፦

ነፍስ ይማር፣ እርስዎንም ያጽናዎት። ፍላሹን ለጊዜው ይተዉትና ዲስኮቹን ያውጡ። «1» እና «2» ብለው በየቦታቸው ምልክት ያድርጉባቸው።

የእናትዎ ድምፅ ፍላሹ ውስጥ የለም። ፍላሹ የያዘው ቡትሎደሩን (ያን ዩቡት)፣ ከርነሉንና ጥቂት ቅንብሮችን ብቻ ነው። የእንዲህ ያሉ ሳጥኖች ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ሬይድ (ዲስኮችን በሚያጣምር ሥርዓት) የተያዘ ሲሆን ፋይሎቹ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት የተቀመጡ ናቸው። ሁለቱ ዲስኮች የአንድ ነገር ግልባጭ ከሆኑ አንዱን ብቻ ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው፣ ለንባብ ብቻ ከፍተው፣ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ይቅዱ። ዊንዶውስ ላይ ግን እንዳይሰኩት። ዲስኩን ስለማያውቀው ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በዚያች ጥያቄ ላይ እጁ ተሳስቶ ሁሉን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

አሮጌ ሰሌዳ፦

ቀይ ሽቦ ያሉትን ሳይፈጽሙ የእኔን አይጀምሩ።

ከሦስቱ ፋይሎች አንዱንም አይመኑ። ቺፑን ቦርዱ ላይ እንዳለ በመቆንጠጫ ሲያነቡት ከፕሮግራመሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ቺፑን ብቻ አያገኝም፤ በዚያው መስመር ወደ ቀሪው ቦርድ ይፈስሳል። ፕሮሰሰሩ በግማሽ ይነቃና በእነዚያው ሽቦዎች ከፍላሹ ጋር ማውራት ይጀምራል። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር የሰማ ጸሐፊ የጻፈውን ነው የያዙት። ሦስተኛው ፋይል ያን ያህል የራቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቺፑን ይንቀሉት። የሙቅ አየር ማሽን ካለዎት በአጠገቡ ያሉትን የፕላስቲክ መገናኛዎችና ክብ ባትሪውን ሙቀት በሚችል ቴፕ ይሸፍኑ። ከሌለዎት በ138 ዲግሪ የሚቀልጥ የቆርቆሮና የቢስመዝ ቅይጥ ይጠቀሙ። ፋብሪካው የበየደበት እርሳስ አልባ ቅይጥ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ የሁለቱንም ጎን እግሮች በካውያ እየተመላለሱ ሲያሞቁ ቺፑ በወረንጦ ይነሣል። በጉልበት አይሳቡት፤ ከቺፑ ይልቅ ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ ንጣፍ ነው ቶሎ የሚላቀቀው። ከዚያ በኋላ ቢስመዙን በፍላክስ (በብየዳ ቅባት) እና በተጎነጎነ መዳብ አንድም ሳይቀር ይጥረጉ፤ የቀረው አዲሱን ብየዳ ተሰባሪ ያደርገዋል።

የፕሮግራመሩንም ቮልቴጅ ይለኩ። ሲኤች341ኤ የተገጠመባቸው ብዙዎቹ ጥቁር ፕሮግራመሮች ቺፑን በ3.3 ቮልት እየመገቡ በዳታ መስመሮቹ ግን 5 ቮልት ይልካሉ። የእርስዎ ዓይነት ቺፕ የተሠራው ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ቢት የሚይዘው የፍላሽ ሴል ሲደመሰስ 1 ነው፤ ሲጻፍበት ኤሌክትሪክ ይታሰርበትና 0 ይሆናል። ሲያረጅ ያ የታሰረው ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ ስለዚህ በእርጅና የሚሳሳት ቢት አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ከ0 ወደ 1 ነው። ድንበሩ ላይ የቆመ ሴል አንዴ 0፣ አንዴ 1 ሆኖ ይነበባል። ሳጥኑ ቺፑ ቀዝቅዞ ባደረበት በዚያ ጠዋት ራቅ ብሎ መሄዱም ከዚህ ጋር ይስማማል።

እንግዲህ የተነቀለውን ቺፕ አምስት ስድስት ጊዜ ያንብቡና ፋይሎቹን ቢት በቢት ያጋጥሟቸው፦ በሁሉም ላይ 1 ከሆነ ብቻ 1 ይጻፍ፤ አንዱ ላይ እንኳ 0 ከታየ 0 ይሁን። በድምፅ ብልጫ አይወስኑ። አምስት ጊዜ ተነቦ አንዴ ብቻ 0 የታየ ቢት፣ ያቺ አንዷ ናት እውነቷ።

ውጤቱን የሚፈትሹበት ፍላሹ ራሱ ውስጥ አለ። በሄክስ (በ16 መሠረት ቁጥር) 27 05 19 56 ብሎ የሚጀምረውን ቦታ ይፈልጉ፤ የከርነሉ ራስጌ፣ ማለትም ከፊቱ የሚቆመው መግለጫ ነው። 64 ባይት ርዝመት ያለው ሲሆን የራሱንም የከርነሉንም ሲአርሲ ይዟል። የዩቡት ቅንብር ያለበት ክፍል በመጀመሪያ 4 ባይቱ የራሱን ሲአርሲ ይዟል። ዩቡት ደግሞ በመጨረሻው 4 ባይት ላይ የድምር ቁጥር አለው። ሦስቱን አስልተው ምን እንዳገኙ ይጻፉልኝ።

የብርሃን ፍጥነት፦

ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? አምራቹ ያወጣውን የማሻሻያ ፋይል አውርደው አዲሱ ቺፕ ላይ አይጽፉትም?

አሮጌ ሰሌዳ፦

የማሻሻያ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከርነሉንና የፋይል ሥርዓቱን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቡትሎደሩ የለበትም። የዚህ ሳጥን የኔትወርክ አድራሻም ቅንብሩ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ባዶ ቺፕ ላይ ያንን ፋይል ከመጀመሪያው አድራሻ ጀምሮ ቢጽፉት ፕሮሰሰሩ የሚፈልገውን ራስጌ አያገኝምና ዝም ይላል።

የማኅደር ጠባቂ፦

ይቅርታ፣ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።

በመጀመሪያ የምሥራቹን። ዲስክ «2»ን ሊኑክስ ላይ ሰክቼ ለንባብ ብቻ ከፈትኩት። ሁሉም አለ። የመጀመሪያውን የድምፅ ፋይል ከፍቼ እናቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ «እንግዲህ ከየት ልጀምርልህ?» ስትል ሰማሁና ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። አሁን በሦስት ቦታ ተቀድቷል። ቀይ ሽቦ፣ ውለታዎን አልረሳም።

ቺፑን በቢስመዙ መንገድ ነቀልኩት። ካውያውን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያመላለስኩ ሳለ ቺፑ ውኃ ላይ እንዳለ ቅጠል በቀስታ ዞረ፤ ያኔ በወረንጦ አነሣሁት። ንጣፎቹ ስምንቱም ደህና ናቸው።

ፕሮግራመሩ እንዳሉት በዳታ መስመሩ 5 ቮልት ሲያወጣ አገኘሁት። ሌላ ተውሼ ስድስት ጊዜ አነበብኩ። ከ8 ሜጋባይቱ ውስጥ የተወላወሉት 41 ቢቶች ብቻ ናቸው! በመቆንጠጫው ያየሁት ያ ሁሉ ሺህ ልዩነት የሐሰት ነበር። እንደ ነገሩኝ አጋጠምኳቸው።

የከርነሉ ሲአርሲ ልክ ሆነ። የቅንብሩም ልክ ነው፤ ውስጡ ያለው የኔትወርክ አድራሻ ከሳጥኑ ሆድ ሥር ከተለጠፈው ጋር አንድ ነው። ዩቡት ግን እምቢ አለ። እኔ ያሰላሁት ድምር ከተጻፈው በልክ 65536 ይበልጣል። ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁ፤ ያው ነው።

አሮጌ ሰሌዳ፦

65536 መሆኑ ደስ ይላል። ይህ ቁጥር 2 በራሱ 16 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የዩቡቱ ድምር አራት አራት ባይት እየወሰደ የሚደምር ስለሆነ አንድ ቢት ብቻ ከ0 ወደ 1 ቢሳሳት ልዩነቱ ልክ እንዲህ ያለ ቁጥር ይሆናል። አንዲት ቢት ጠፍታለች ማለት ነው፤ ጨርሳ ስለፈሰሰች በስድስቱም ንባብ 1 ሆና ታየች። ድምሩ የትኛዋ ቢት እንደሆነች ይነግረናል፣ በየትኛው አድራሻ እንዳለች ግን አይነግረንም። በመገመት አይሞክሩት። የዚያው ሞዴል ባለቤት የሆነ ሰው እዚህ ይኖር ይሆን?

ቀይ ሽቦ፦

ፎቶውን ባያይዙት ኖሮ አላውቅም ነበር፤ የእኔም ሳጥን ያው ነው፣ ዛሬም ይሠራል። የፍላሹን (ሊኑክስ ኤምቲዲ የሚለውን) የመጀመሪያ ክፍል፣ 512 ኪሎባይት፣ ቀድቼ ልኬልዎታለሁ። የእኔ ቅንብርና የኔትወርክ አድራሻ በሌላ ክፍል ስለሆነ ከዚህ ጋር አይመጣብዎትም።

የማኅደር ጠባቂ፦

ደርሶኛል። የዩቡቱ የተሠራበት ቀን አንድ ነው። ሁለቱን ፋይሎች አወዳደርኩ፤ በ512 ኪሎባይት ውስጥ አንድ ባይት ብቻ ይለያያል። የእርስዎ በሄክስ 34 ይላል፣ የእኔ 35። ከአራቱ ባይት ሦስተኛው፣ ዝቅተኛው ቢት፤ ልክ 65536 የምትመዝነዋ። ቀየርኳት፣ ድምሩ ገጠመ።

አሁን ልጻፍና ልበይደው?

አሮጌ ሰሌዳ፦

አዲሱን ቺፕ ባዶ እንደሆነ ይበይዱትና ዩቡቱን በመጀመሪያ በሲሪያል ይሞክሩት። ኪርክዉድ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የማይጠፋ ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም አለው፤ ገና ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ለአጭር ጊዜ ሲሪያሉን ያዳምጣል። ኬደብልዩቡት የሚባለውን ፕሮግራም በኮምፒውተርዎ ያስጀምሩ፣ ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ያብሩ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሰማዎትም። የዩቡቱ ፋይል የመጀመሪያ ባይት 5ኤ ነው፣ ከኤስፒአይ ልነሣ ማለት ነው፤ በሲሪያል ሲላክ 69 መሆን አለበት፣ የራስጌውም ድምር አብሮ ይስተካከላል። ይህን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያደርግልዎ ማዘዝ ይችላሉ። ፋይሉ በ115200 ለመተላለፍ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ከተነሣ ፍላሹን እንዲያውቀው ይዘዙት። የአዲሱ ቺፕ መታወቂያ ኢኤፍ 40 17 ነው። አሮጌ ዩቡት የሚያውቃቸውን ቺፖች በስም ዝርዝር ስለሚይዝ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አላውቀውም ይላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቺፕ እንፈልጋለን። ሲበይዱም እግር 1 ያለበትን ነጥብ ከቦርዱ ምልክት ጋር ያስተያዩ።

የማኅደር ጠባቂ፦

ሳጥኑ ተነሣ!

በሲሪያል የላክሁት ዩቡት በመጀመሪያው ሙከራ ስሙን ጻፈ፤ ቅንብር ስላላገኘ በራሱ ቅንብር እንደሚሠራ ተናገረ፤ ቺፑንም አወቀው። ሙሉውን 8 ሜጋባይት በኔትወርክ ወደ ራም አስገባሁ፣ ወደ ፍላሹ ጻፍኩ፣ መልሼ ወደ ራም አንብቤ አስተያየሁት፤ አንድም ልዩነት የለም። አጥፍቼ አበራሁ። የኔትወርኩ መብራት ሲበራ ልጄን ጠርቼ አሳየኋት።

አሮጌውን ቺፕ በትንሽ ከረጢት አድርጌ ክዳኑ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ስድስቱን ንባቦችና የታረመውን ፋይልም ለሚፈልግ ሰው አስቀምጫለሁ።

ቀይ ሽቦ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። የእርስዎ ሳጥን የእኔ እኩያ ነው፣ ቺፑም ያው ነው። አሁን እየሠራ ሳለ ሙሉውን ፍላሽ ሁለት ጊዜ ይቅዱትና ያወዳድሩት።

ቀይ ሽቦ፦

እንኳን ደስ አለዎት። አሁን ቀድቼ አወዳደርኩት። ከርነሉ ካለበት ክፍል አንድ ቢት ተለያየ። ሦስተኛ ንባብ እየወሰድኩ ነው፤ አሮጌ ሰሌዳ፣ ሳላጠፋው ምን ምን ልቅዳ?