ለኪችን 12 ስፖት ላይት አይበዛም?

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ)

ሰላም ወገኖች። ኪችናችንን እያደስን ነው። ስፋቱ 3 በ4 ሜትር ነው። እስካሁን የነበረው ኮርኒሱ መሀል ላይ አንድ አምፖል ብቻ ነው። መስኮቱ ወደ ጦሳ ስለሚያይ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ቤቱ ቶሎ ይጨልማል። ክረምት ጉሙ ሲወርድማ በቀትርም ማብራት ነው። ኤሌክትሪሻኑ «12 ስፖት ኮርኒሱ ላይ እንበትን» አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሻንደሌር አምሮታል። እኔ የምፈልገው ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ማየት ነው! ስንት መብራት፣ የት የት፣ ነጭ ወይስ ቢጫ? ልስኑ ገና አልተጀመረም።

መልስ፦ ሽቦ ዘርጊው (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ በጊዜ ነው የጠየቅሽው። ከልስን በኋላ ቢሆን ግድግዳ መቦርቦር ነበር።

ቁጥሩን ለጊዜው ተይውና የምትቆሚበትን ቦታ አስቢ። መሀል ላይ ያለ አምፖል የሚያበራው ከጀርባሽ ነው። ስለዚህ መክተፊያው ላይ የሚያርፈው የራስሽ ጥላ ነው። አምፖሉን በትልቅ ብትቀይሪውም ጥላው አይለቅሽም። 12 ስፖትም መሀል ለመሀል ከተደረደረ ያው ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካቢኔት ካለሽ ከሥሩ የኤልኢዲ ስትሪፕ (እንደ ሪባን የሚለጠፈውን ቀጭን መብራት) አስደርጊ። ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ፊተኛው ጠርዝ ይጠጋ። የኮርኒሱ ስፖት ደግሞ ከግድግዳው ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ከግራናይቱ ጠርዝ ትይዩ ይሁን።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለአጠቃላይ ብርሃን በካሬ 300 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይዘሽ ብታሰቢ ጥሩ ነው። ያንቺ 12 ካሬ ስለሆነ 3,600 ሉመን ይመጣል። ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ አምስት ይበቃል ማለት ነው። ባለ 7 ዋት ስፖት ከሆነ ስድስት ሰባት። መክተፊያው ላይ ብርሃኑ ጠንከር ማለት አለበት፣ እሱን ስትሪፑ ይሞላዋል። ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ዋቱን ብቻ ሳይሆን ሉመኑን አንብቢ። ግድግዳሽ ጠቆር ያለ ቀለም ከሆነ ትንሽ ጨምሪበት።

መልስ፦ የሆጤዋ ባልትና

ስለ ቀለሙ እኔ ልናገር። 6,500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ነጭ መብራት ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል። ኪችን ሲገባ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ቁሌቱ ይቅላ ይረር አይለይም። ለሥራ 4,000 ይሻላል። ሲአርአይ የሚል ቁጥር ካለው ደግሞ ከ80 በታች አትግዢ፤ የምግቡን ቀለም በትክክል የሚያሳየው እሱ ነው። 90 ካገኘሽ እሰየው። ስፖቱና ስትሪፑ ኬልቪናቸው አንድ ይሁን፤ አንዱ ነጭ አንዱ ቢጫ ሲሆን ያስጠላል።

ባለቤትሽን አታስቀይሚው፣ ሻንደሌሩ ሳሎን ይሰቀልለት። የዘይት እንፋሎትና የበርበሬ ብናኝ የያዘ ሻንደሌር ማን ቁጭ ብሎ ይወለውላል?

መልስ፦ ወለዬው

እኔ ለሰውዬው ትንሽ ላግዘው። ኪችን ውስጥ የምትበሉበት ወይ ቡና የምታፈሉበት ጠረጴዛ ካለ ከበላዩ አንድ ተንጠልጣይ መብራት ይገባዋል። በደሴ ብርድ ቢጫው ብርሃን፣ 3,000 ኬልቪን የሚለው፣ ቤቱን ሞቅ ያደርገዋል። በቀላሉ የሚወለወል ይሁን፣ ከጠረጴዛው 75 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል።

እንጀራ የምትጋግሪው እዚያው ከሆነ ደግሞ ስፖቱን ከምጣዱ አናት ላይ አታድርጊ። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ ቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚሄደው። ወደ ጎን ይሁን፣ አይፒ 44 የሚል፣ የውሃ ርጭት የማያስገባ የተዘጋ ዓይነት ይሁን።

መልስ፦ ሽቦ ዘርጊው

ምጣድ ከተነሳ ዝም አልልም። የምጣድና የመብራት መስመር በፍጹም እንዳይገናኝ! 3,000 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔር ይስባል፤ ከዚያ በላይ የሚስብም አለ። ለመብራቱ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ለምጣዱ ግን ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ኤርዝ ይኑረው። ኤሌክትሪሻኑ «በአንዱ እናገናኘው» ካለሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።

ሰፈራችሁ ኃይሉ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል መብራት ግዢ። መብራት ሲጠፋ እንዳትቸገሪ ከአምፖሎቹ አንዱን ባትሪ ያለው አድርጊው።

የቧንቧ ውሃዋ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ማብሪያ ማጥፊያው ስንት ይሁን? የስትሪፑ ሽቦስ ካቢኔቱ ሳይሰቀል በየት በኩል ይውጣ?

መልስ፦ ሽቦ ዘርጊው

ሦስት፦ ለኮርኒሱ፣ ለስትሪፑ፣ ለጠረጴዛው። በሩ አጠገብ ከወለል 1.20 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁኑ። ቡና ስታፈሉ የጠረጴዛውን ብቻ ታበሪያለሽ።

ለስትሪፑ መጀመሪያ ካቢኔት ሠሪውን ልኩን ጠይቂው። ግራናይቱ 90 ሳንቲሜትር ላይ ሆኖ ካቢኔቱ ከሱ 60 ከፍ ካለ፣ ሽቦው 1.50 ሜትር ላይ ይወጣል። የስትሪፑን ትራንስፎርመር ካቢኔቱ አናት ላይ አስቀምጡት፣ ሲቃጠል በቀላሉ ይቀየራል። ልስኑ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሜትር ዘርግተሽ ግድግዳውን በሙሉ ፎቶ አንሺ። ካቢኔት ሰቃዩ ድሪሉን ከማንሳቱ በፊት ሽቦው በየት እንዳለፈ አሳዪው።