የወራሪ ሀገር ገንዘብ ለካሳ ይዋል ወይስ ታግዶ ይቆይ?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ሩሲያ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዩክሬንን በስፋት ከወረረች በኋላ ምዕራባውያን መንግሥታት ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ አግደዋል። አብዛኛው ያለው ብራስልስ ውስጥ፣ ዩሮክሊር በተባለ የዋስትና ሰነዶች ማስቀመጫ ተቋም ዘንድ ነው። በሌላ በኩል የዓለም ባንክና አጋሮቹ በፌብሩዋሪ 2025 ባወጡት ግምት ዩክሬንን መልሶ ለመገንባት በአሥር ዓመት ውስጥ 524 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል። የታገደው ገንዘብ ተወርሶ ለተጎጂው ይሰጥ ወይስ እንደታገደ ይቆይ? ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስድብ የለም፤ «የማን ደጋፊ ነህ» የሚል ጥያቄም የለም።

ዳዊት፦
እኔ ሳላንዛዛ ይወረስ እላለሁ። ያፈረሰ ይሥራ፣ ያቃጠለ ይክፈል። በ2022 ብቻ የዩክሬን ኢኮኖሚ በ29 በመቶ ገደማ ወርዷል። የማሪዩፖል የብረት ፋብሪካዎች ፍርስራሽ ሆነዋል፣ የደቡቡ እርሻ ፈንጂ ተዘርቶበታል፣ ከሀገር የወጣው ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ይህን ሁሉ የጀርመንና የፖላንድ ግብር ከፋይ የሚጠግነው በምን ዕዳው ነው? ሩሲያ ገንዘቧን አውሮፓ ውስጥ ያስቀመጠችው ማንም አስገድዷት አይደለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ወራሪ የሚዳፈረው የጥፋቱን ሂሳብ ሌላ ሰው እንደሚከፍልለት ስለሚያውቅ ነው።

ትዕግሥት፦
ዳዊት፣ ቁጭትህን እጋራለሁ፤ የማያዋጣው መንገዱ ነው። የአንድ ሀገር ማዕከላዊ ባንክ ንብረት በሌላ ሀገር እንዳይወረስ በዓለም አቀፍ ልማዳዊ ሕግ የተጠበቀ ነው። እገዳ የሚነሣ እርምጃ ነው፤ አጥፊው ካሳ እስኪከፍል ድረስ ማስገደጃ ይሆናል። የተወረሰ ገንዘብ ግን ማስገደጃነቱ በዚያው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሞስኮን በምን ትይዛታለህ? ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2012 በጀርመንና በኢጣሊያ ክርክር የፈረደውንም አስታውስ። የናዚ ጦር የጨፈጨፋቸው ሰዎች ቤተሰቦች እንኳ ጀርመንን በኢጣሊያ ፍርድ ቤት ከስሰው ካሳ ማስፈረድ አይችሉም ብሏል። ፍርዱ ያንገበግበኛል፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ታሊባን ካቡልን ሲይዝ አሜሪካ የአፍጋኒስታንን ማዕከላዊ ባንክ 7 ቢሊዮን ዶላር አገደች። በፌብሩዋሪ 2022 ዋይት ሐውስ ግማሹ ለአፍጋኒስታን ሕዝብ እንዲውል፣ ግማሹ ደግሞ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ተጎጂ ቤተሰቦች በፍርድ ቤት እየተከራከሩበት እንዲቆይ ወሰነ። ያ ገንዘብ የሀገሪቱ መጠባበቂያ ነበር፤ የነጋዴውና የመምህሩ የባንክ ተቀማጭ የሚተማመነው በእርሱ ነበር። ዛሬ ለኃያሏ ሩሲያ ብለህ የምትከፍተው በር ነገ ድሃ ሀገር ላይ ነው የሚሠራው።

ሙሉጌታ፦
ሕግ፣ ሕግ፣ ሕግ! ለማን የተጻፈ ሕግ? በ1986 ይኸው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አሜሪካ ኒካራጓን እንድትክስ ፈረደ። አምስት ሳንቲም አልተከፈለም፤ በ1991 አዲሱ የኒካራጓ መንግሥት ራሱ ክሱን አነሣ። በ2003 ኢራቅን የወረሩት ለኢራቅ ምን ካሱ? የሄይቲው ደግሞ ይብሳል። ከባርነት ታግሎ ነጻ የወጣው ሕዝብ በ1825 ለፈረንሳይ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፍል የጦር መርከብ ተደቅኖበት ተገደደ። ካሳ የሚከፍለው የተሸነፈ እንጂ የበደለ አይደለም። ሩሲያ አልተሸነፈችም፤ ስለዚህ የምትከራከሩት ስለ ሕልም ነው።

ሰናይት፦
ሙሉጌታ፣ ግማሹን ብቻ ነው የተናገርከው። የኩዌትን ጉዳይ ለምን ዘለልከው? እኔ ከሁሉም የሚያስተምረው እርሱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ኢራቅ ኦገስት 2 ቀን 1990 ኩዌትን ወረረች። ስትወጣ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ላይ እሳት ለቀቀች፤ የመጨረሻው የጠፋው በኖቬምበር 1991 ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅ ለደረሰው ቀጥተኛ ጉዳት ሁሉ ተጠያቂ ናት ብሎ የካሳ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ገንዘቡም ከነዳጅ ሽያጯ ላይ እየተቆረጠ እንዲሰበሰብ ተደረገ። መጀመሪያ 30 በመቶ ነበር፣ በ2003 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ክፍያው የተጠናቀቀው በ2022 መጀመሪያ ሲሆን ድምሩ 52.4 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

እኔን የሚገርመኝ ድምሩ ሳይሆን ተራው ነው። ኮሚሽኑ መጀመሪያ የከፈለው ለመንግሥት ወይም ለነዳጅ ኩባንያ አልነበረም። ሀገር ጥሎ ለመውጣት የተገደደ ሰው፣ የቆሰለ፣ የሞተበት፣ ትንሽ ንብረት የጠፋበት ግለሰብ ይቅደም ተባለ። ለመውጣት የተገደደ ነጠላ ሰው ከ2,500 እስከ 4,000 ዶላር የተቆረጠ ካሳ ነበረው፤ ለቤተሰብ ደግሞ የዚያ እጥፍ። ያንን ያገኙት ኩዌታውያን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የግብፅ ግንበኛ፣ የስሪላንካ የቤት ሠራተኛ፣ የህንድ ሾፌር ነበሩበት፤ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ሻንጣ ይዘው በዮርዳኖስ በረሃ በድንኳን የከረሙ ሰዎች። የኩዌት ነዳጅ ኮርፖሬሽን የተፈረደለት 14.7 ቢሊዮን ዶላር ግን ተከፍሎ ያለቀው በመጨረሻ ነው። ትልቁ ለትንሹ ተራ ለቀቀ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ፖለቲካ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

ስለዚህ እኔ ይወረስ አይወረስ ከሚለው በፊት የምጠይቀው ወረፋው የማን ነው የሚለውን ነው። የዩክሬን የጉዳት መዝገብ በ2023 በአውሮፓ ምክር ቤት አማካይነት ተቋቁሞ መቀመጫውን ሄግ አድርጓል፤ በ2024 ቤት ከፈረሰባቸው ሰዎች ማመልከቻ መቀበል ጀምሯል። ማመልከቻው የሚገባው በስልክ ላይ ባለ የመንግሥት መተግበሪያ ነው። መልካም። ከማሪዩፖል የሸሸች ሴት ግን አስቡ። የቤቷ ካርታ ከቤቷ ጋር ተቃጥሏል። የተረፈውን አፓርታማ ደግሞ እዚያ ሩሲያ የሾመችው አስተዳደር ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ካላስመዘገበ ባለቤት የለውም ብሎ ይወስደዋል። ቀርባ ለማስመዝገብ ደግሞ ራሷ ሩሲያ ወደያዘችው ግዛት መግባት አለባት። እነዚህ ቤቶች በቦምብ አልፈረሱም፤ በፊርማ ነው የተወሰዱት። እንዲህ ያለው ጉዳት ከግድቡና ከፋብሪካው ሂሳብ ኋላ እንዳይቀር ካልተደረገ 300 ቢሊዮኑ ቢወረስም ባይወረስም ለእርሷ ለውጥ የለውም።

ጋሽ ተሰማ፦
ልጆቼ፣ ደህና አመሻችሁ። ሰናይት ያነሣችው ነገር የእኛን ሀገር ታሪክ አስታወሰኝ። በ1935 ኢጣሊያ ስትወረን የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጁን ግን ሳይነካ ተወው፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። አዲስ አበባ በሜይ 1936 ተያዘች፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ማዕቀቡን ለማንሣት ወሰኑ። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ያቀረበችው የካሳ ጥያቄ ከ180 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በ1947 በፓሪስ የሰላም ውል የተፈቀደላት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ ከስድስት ሚሊዮን ፓውንድ እምብዛም አይበልጥም። እርሱም ዓመታት ፈጅቶ በ1960 ለተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ዋለ። ግድቡ ጠቅሞናል፣ አልክድም፤ መብራት ሰጥቷል። የካቲት 12 አባቱ ለተገደለበት ልጅ ግን ከዚያ ውል የተቆረጠ ድርሻ አልነበረም። ካሳው ከመንግሥት ለመንግሥት ነበርና።

ትዕግሥት፦
ጋሽ ተሰማ፣ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ያሉት ሁለቱንም ወገን የሚነካ ነው። ሰናይት ለወደደችው የኩዌት ምሳሌ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ወረራውን ያዘዘው ሳዳም ሁሴን ነው። ከነዳጁ ሲቆረጥ የኖረው ግን በማዕቀብ ውስጥ መድኃኒት ካጣው ኢራቃዊ ድርሻ ነው፤ ሳዳም ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ወረራው ሲፈጸም ገና ያልተወለደ ሰው እየከፈለ ነበር። ካሳ ሁልጊዜ አጥፊውን አያገኘውም። በዚያ ላይ ያ ኮሚሽን የተቻለው የጸጥታው ምክር ቤት ስለተስማማ ነው። ዛሬ ሩሲያ በዚያው ምክር ቤት ውሳኔ የመሻር ሥልጣን ይዛ ተቀምጣለች።

ዳዊት፦
ለዚህ እኮ ነው ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው የሄደው! ኖቬምበር 14 ቀን 2022 ሩሲያ ካሳ መክፈል አለባት የሚለው ውሳኔ በ94 ድጋፍ፣ በ14 ተቃውሞና በ73 ድምፀ ተአቅቦ አለፈ።

ሙሉጌታ፦
ከ14ቱ ተቃዋሚዎች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን ለምን ዋጥከው? ጋሽ ተሰማ የነገሩንን ታሪክ ይዘን ነው «ወራሪ ይካስ» የሚለውን የተቃወምነው። ምክንያቱ ሊኖር ይችላል፤ ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። ደግሞ ውሳኔ ማለፉ ምን ዋጋ አለው? የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በ2009 ለእኛ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለእነርሱ ወደ 161 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ለባድመ ተፈናቃይ ከዚያ ምን ደረሰው? ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሰናይት፦
ኮንጎስ? ኡጋንዳ ጦሯን አስገብታ ላደረሰችው ጥፋት ኮንጎ በ1999 ከሰሰች፣ በ2005 ተፈረደላት፣ የካሳው መጠን የተወሰነው በ2022 ነው። የጠየቀችው ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ የተፈቀደላት 325 ሚሊዮን። ያንሳል፤ በጣም ያንሳል። ሆኖም ኡጋንዳ የመጀመሪያውን 65 ሚሊዮን በዚያው ዓመት ከፍላለች። ያልተሸነፈ አይከፍልም ያልከው እዚህ ላይ አይሠራም።

ሙሉጌታ፦
ያቺን አንዷን ልቀበልሽ። እኔ ግን ከሁለቱ ተፋላሚዎች ውጭ ያለውን ሰው ማን ያስበው ነው የምለው። ከወረራው በፊት ሩሲያና ዩክሬን በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ስንዴ ሲሶ ያህሉን ይልኩ ነበር። የጥቁር ባሕር ወደቦች ሲዘጉ በማርች 2022 የፋኦ፣ ማለት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የምግብ ዋጋ መለኪያ ከተጀመረ ጀምሮ አይቶት የማያውቀው ጣሪያ ላይ ወጣ። በኢስታንቡሉ ስምምነት ወደ 33 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ እህል ወጣ፤ በጁላይ 2023 ሩሲያ ትታው ስትሄድ እርሱም ቆመ። የማዳበሪያው ዋጋም አብሮ ነደደ። የግብፅና የሊባኖስ ዳቦ ገዢ፣ የሶማሊያ ረሀብተኛ ለማን ያመልክት? የሄጉ መዝገብ የሚይዘው በዩክሬን ግዛት ውስጥ የደረሰን ጉዳት ብቻ ነው።

ትዕግሥት፦
ሕጉ «ቀጥተኛ ጉዳት» የሚለውን ያን ያህል ከዘረጋኸው መጨረሻ የለውም። የዳቦ ዋጋ የወጣው በወረራው፣ በማዕቀቡ፣ በድርቁ ወይስ በነጋዴው ስግብግብነት ነው? ለይቶ የሚፈርድ ዳኛ አታገኝም። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ካሳ ሳይሆን እርዳታ ነው፤ እርሱም በ2022 ከነበረው ዛሬ ቀንሷል።

ዳዊት፦
ወደ ገንዘቡ እንመለስ እባካችሁ። ትዕግሥት የምትወደው እገዳ የት አደረሰን? በ2024 የቡድን ሰባት ሀገሮች ዋናውን ሳይነኩ በሚያስገኘው ትርፍ ላይ ተመሥርተው 50 ቢሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማሙ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች በታገደው ገንዘብ ዋስትና ትልቅ ብድር ለመስጠት ተሰብስበው፣ ቤልጅየም «ነገ ተከስሼ ብፈረድብኝ ማን አብሮኝ ይከፍላል» ብላ አልቀበልም ስትል፣ 90 ቢሊዮን ዩሮ ራሳቸው ከገበያ ተበድረው ለመስጠት ወሰኑ። እንግዲህ የወራሪው ገንዘብ ብራስልስ ተኝቶ፣ ወለዱን የሚከፍለው የአውሮፓ ሠራተኛ ነው።

ሰናይት፦
ዳዊት፣ እሺ፤ ነገ ጠዋት ተወረሰ እንበል። የመጀመሪያው ቢሊዮን ለማን ይሂድ?

ዳዊት፦
ለአየር መከላከያ። አትቆጪ፤ ምክንያቴን ስሚኝ። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሩሲያ በየክረምቱ የኃይል ማመንጫዎችን ትደበድባለች። ዛሬ የተጠገነ ትራንስፎርመር በሳምንቱ ይመታል። ሰማዩን ሳትዘጋ ቤት መሥራት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሰናይት፦
አልቆጣም፤ ያልከው እውነት ነው። ግን እንዳትደብቀው። ከወረፋው ፊት መሣሪያ ቆመ፣ ቀጥሎ የመንግሥት በጀት፣ ቀጥሎ ማመንጫው፤ ጁን 6 ቀን 2023 የካኾቭካ ግድብ ሲፈርስ ጎርፍ እስከ ጣሪያው የዋጠበት የኬርሶን ገበሬ ስንተኛ ላይ ነው? እርሱ ጎርፉ ከሸሸ በኋላ ደግሞ የመስኖ ውኃው ደርቆበታል፤ ሁለት ጊዜ ነው የተጎዳው። ለጦሩ የሚሰጠውን ብድርም እርዳታም በሉት፣ አልቃወምም፤ ከታገደው ገንዘብ ላይ ግን አሥር ከመቶው እንኳ ለግለሰቦች ብቻ ተለይቶ፣ ማንም መንግሥት፣ ኪየቭም ብትሆን፣ የማይነካው ሆኖ ይቀመጥ። ይህን የሚል ረቂቅ ካመጣህ ይወረስ ከሚሉት ጋር እፈርማለሁ።

ትዕግሥት፦
እኔ ደግሞ ሳይወረስም ይቻላል እላለሁ። ትርፉ አለ አይደል? ከትርፉ ይጀመር።

ሙሉጌታ፦
ትርፉ ለ50 ቢሊዮኑ ብድር መመለሻ ተይዟል እኮ፤ ዳዊት አሁን ነገረሽ።

ትዕግሥት፦
ብድሩን የሰጡት ሀብታም መንግሥታት ናቸው። ኩዌት ላይ ትልቁ ለትንሹ ተራ ከለቀቀ፣ እነርሱስ ጥቂት ዓመት ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ?