የ60 ቀኑ ብርቱ የቤት ውስጥ ስፖርት ለጀማሪ ሊመከር ይገባል ወይ?

አወያይ፦
በ2009 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው «ኢንሳኒቲ» የተባለው የ60 ቀን የቤት ውስጥ ስፖርት መርሐ ግብር በፍላሽ እየተቀዳ ጎንደርም ደርሷል። መሣሪያ አይጠይቅም፤ በሳምንት 6 ቀን ይሠራል፤ በመጀመሪያው ወር አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ በሁለተኛው ወር ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ስፖርት ሠርቶ የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ ይህን እንዲጀምር ሊመከር ይገባል ወይ? ምክንያታችሁን እንድታቀርቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የማራኪ ነዋሪ፦
ይመከር ባይ ነኝ። ብዙ ሰው ስፖርት የማይሠራው ጠልቶት ሳይሆን ቦታ፣ ጊዜና ገንዘብ አጥሮት ነው። ጂም ወርኀዊ ክፍያ አለው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው የሠፈር ሜዳም በግንባታ እየተዋጠ ነው፤ ከሥራ ወጥታ ልጆቿን ተቀብላ እራት የምታሰናዳ እናት ደግሞ በማለዳ ቱታ ለብሳ ከፒያሳ ቁልቁል ልትሮጥ ብትነሣ ከሩጫው ይልቅ የመንገደኛው አስተያየት ያደክማታል። ለእርሷ አንድ ምንጣፍ የሚዘረጋበት ወለልና አንድ ስልክ ይበቃታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መርሐ ግብሩ ይህን ከበቂ በላይ ያሟላል።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፦
እህቴ ስለ ሜዳው ያነሡት ሐቅ ነው፤ አልከራከርበትም። የቀረበልን ጥያቄ ግን ስፖርት በቤት ይሠራ ወይ የሚል ሳይሆን ጀማሪ ይህን ይጀምር ወይ የሚል ነው። የመርሐ ግብሩ ዋና ሐሳብ የተለመደውን የኢንተርቫል ሥልጠና፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ በብርቱ ሠርቶ ረዘም ላለ ጊዜ የማረፍን ዘዴ፣ መገልበጥ ነው፤ ሠልጣኙ ወደ 3 ደቂቃ በሙሉ ዐቅሙ ይሠራና 30 ሴኮንድ ብቻ ያርፋል። ሙሉ ዐቅም የሚባለው ነገር ግን በባሕርይው ለሴኮንዶች እንጂ ለደቂቃዎች አይዘልቅም። ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት 20 ሴኮንድ ሥራና 10 ሴኮንድ ዕረፍት እያፈራረቁ ውጤት ያገኙት ሰውነታቸው በስፖርት በዳበረ ወጣቶች ነው፤ ያውም ከቦታው በማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ላይ። ብስክሌት ላይ የደከመ ሰው ፔዳሉ ይከብደዋል፤ ሲዘል የደከመ ሰው ግን ጫናው ጉልበቱ ላይ ያርፋል።

ሜዳ ላይ በየጊዜው የማየውን ልንገራችሁ። ተማሪው ከስኳት፣ ማለትም ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ ካለበት፣ ተነሥቶ ሲዘል በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በእግሩ ጣቶች አርፎ ተረከዙን ቀስ ብሎ ያወርዳል፤ ጉልበቱም ከጣቶቹ አቅጣጫ አይወጣም። ሲደክም ግን በመላ እግሩ ጧ ብሎ ያርፋል፣ ሁለቱ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ፣ ወገቡ ይጎብጣል። የጉልበት ሎሚውና ጅማቱ ለጉዳት የሚጋለጡት ያኔ ነው። እኔ አጠገቡ ስላለሁ አስቆመዋለሁ፤ በስልኩ ውስጥ ያለው አሠልጣኝ ግን ሊያየው አይችልም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፦
ከእኔ በላይ ያለው ጎረቤቴ ይህንኑ ይሠራል። መጀመሪያ ላይ ኮሽታው አይሰማኝም፤ እየቆየ ግን መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጫቀጥ ይጀምራሉ። መምህር «ጧ» ያሉትን ከጣሪያዬ በኩል አረጋግጫለሁ።

የአዘዞ ነዋሪ፦
ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ አይዘንጋ። አየሩ የሳሳ በመሆኑ ለእኛ ለሁላችንም እንዲህ ያለ ጫና አይበጅም።

ነርስ፦
የከፍታውን ነገር ባናጋንነው ይሻላል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ሆነ ቆላ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ሲሆን፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል። ትናንት ከመተማ የመጣ ሰው ግን ጥቂት ሳምንታት ቢታገሥ መልካም ነው።

የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ያልለመደ ሰው ጡንቻውን በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲያሠራ የጡንቻው ሕዋሳት ሊፈርሱና ማዮግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ወደ ደም ገብቶ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ ከተለመደው መተሳሰር ያለፈ ሕመም፣ እብጠትና ቀይ ሻይ የመሰለ ሽንት ነው፤ ይህን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። አዘውትሮ የሚያጋጥም አይደለም፤ የውኃ ጥም ሲጨመርበት ግን ይከፋል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ መርሐ ግብሩን ከጾሙ ጋር የጀመረ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ እየዋለ፣ በዚያው በባዶ ሆዱ ይህን ቢሠራ ምን እንደሚሆን አስቡት። የረመዳን ጿሚም እንዲሁ ነው። የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚያፍነው ሰውማ ሳይመረመር ሊያስበውም አይገባም።

የማራኪ ነዋሪ፦
የጾሙን ጉዳይ እቀበላለሁ፤ መፍትሔው ግን ሰዓት መቀየር እንጂ መተው አይደለም። ጿሚው ከቀመሰ፣ ሙስሊሙም ካፈጠረ በኋላ ሆዱ እስኪቀለው ጠብቆ መሥራት ይችላል፤ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ደግሞ ለጡንቻ የሚሆን ፕሮቲን አላቸው። መምህርን ግን ልጠይቅዎ፦ ሰው ሁሉ አጠገቡ የሚያስቆመው አሠልጣኝ የለውም፤ «አይጀምር» ብለው ሲያበቁ በምን ይጀምር?

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፦
ተገቢ ጥያቄ ነው። ዳገት አልጠፋብንም፤ ከቀሃ ወደ ፒያሳ እያወራ ሊዘፍን ግን በማይችልበት ፍጥነት ይራመድ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ስኳትና ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ ይሥራ። ይህ ከሁለት ወር በኋላ ሲቀለው ቪዲዮውን ያውጣ፣ ዝላዩንም በእርምጃ ይተካው። 6 ቀን በ40 ደቂቃ ሲባዛ 240 ደቂቃ ነው፤ ከዜሮ ለሚነሣ ሰው ይህ ከባድ ነው።

የማራኪ ነዋሪ፦
መመሪያው ለብርቱ እንቅስቃሴ የጠቀሰው 150 ደቂቃ ጣሪያ አይደለም፤ ከዚያ በላይ መሥራት ተጨማሪ ጥቅም እንዳለው መመሪያው ራሱ ይገልጻል። ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣው ደግሞ ቀን የተቆረጠለት ሰሌዳ ነው፤ «እንደ ዐቅምህ ሥራ» የተባለ ሰው ሲያመነታ ይከርማል። ስለዚህ ምክሩ «አትጀምሩ» መሆኑ ይቅርና «በሦስት ቀን ጀምሩ» ይሁን።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፦
ያው መመሪያ በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመርንም ያዛል። በሦስት ቀንና ያለ ዝላይ ከሆነ የ60 ቀኑ ሰሌዳ ቀረ ማለት ነው፤ እኔም የተቃወምሁት እርሱን ነው። ሰሌዳው ከተነሣ ቪዲዮውን ለተማሪዎቼም አሳያለሁ፤ ማሟሟቂያውን ግን አልጨምርም፤ ፍጥነቱ በየዙሩ ስለሚጨምር ለጀማሪ እርሱ ብቻውን የአንድ ቀን ሥራ ነው።