አንቺሆዬ ወደ አምባሰል እየሸሸብን ተቸግረናል

ጎንደር ላይ ለክረምት ሠልጣኞች ዘፈንና ግጥም በማሲንቆ እናስተምራለን። በትዝታና በባቲ ቅኝት (የዜማ ድምፆች አደራደር) ችግር የለም። አንቺሆዬ ግን አቅቶናል፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱን።

ዜማውን ያለ ቃል፣ በ«አ» ብቻ ሲያዜሙት ልክ ነው። የራሳቸውን ግጥም ሲያስገቡበት አምባሰል ይሆናል። የሁለቱ ቅኝቶች የመጀመሪያ ሦስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ በአንቺሆዬ አራተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። በመካከላቸው የሚፈጠረው የአንድ ተኩል ድምፅ ዝላይ ነው የሚከብዳቸው፤ ሁለቱን ያቀራርቧቸዋል።

የሚጽፉት በወል ቤት ነው፣ በየስንኙ 6 እና 6 ቀለም (ክፍለ ቃል)። የመጀመሪያው ሐረግ ደህና ይወጣል። የሚበላሸው ቤት መምቻው (የስንኙ መጨረሻ) ላይ ነው፤ ልባቸው ቃሉ ላይ ስለሚሆን ጆሯቸው ይዘነጋል።

በማሲንቆ እየተከተልን ልንመልሳቸው ሞከርን፤ አልያዘም። ጭራው (የማሲንቆው ክር) በጣት ይነካል እንጂ አንገቱ ላይ ስለማይጫን፣ የመቺው ጣት ሳይታወቀው ዘፋኙን ተከትሎ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ የክረምቱ እርጥበት ቆዳውን እያላላ ድምፁን ያፍናል። ፍም አጠገብ ብናሞቀውም ብዙ አይቆይም።

አሁን ያሰብነው ክራር ነው፤ አንዴ በአንቺሆዬ ከተቃኘ ድምፁ ዘፋኙን ተከትሎ አይሄድም። ግን በክራር የለመደ ድምፅ ወደ ማሲንቆ ሲመለስ ይጸናል? ወይስ ቤት መምቻውን ለብቻው፣ አራተኛና አምስተኛው ድምፅ ላይ እያመላለሱ ማስያዝ ይሻላል? ቆዳውን በክረምት ወጥሮ የሚያቆይ ዘዴ ያላችሁም ንገሩን።